መጀመሪያ ሚዛን ላይ አውጣው
የመስክ መኪና ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «ምን ላስገጥም?» የሚሉ ናቸው። «ምን ላውርድ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔ ዕድሜዬን ከመኪና ሥር ተኝቼ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ከላይ ከሚያብረቀርቀው ይልቅ ከሥር ያለው ይበልጥብኛል። መልሶቼም ወደዚያው ያደላሉና አንባቢ አይቀየመኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስንት ጊዜ አጠራቅሜ ያገለገለ ባለ ናፍጣ ፎር ዊል ድራይቭ ገዛሁ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ረጅም የበረሃና የተራራ ጉዞ አስበናል። ብረት ባምፐር፣ ዊንች (መኪና በገመድ የሚስብ ሞተር)፣ ፖርቶ መጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ)፣ የጣሪያ ድንኳን፣ ትልልቅ ጎማና መኪናውን ከፍ የሚያደርግ ሞላ ላስገጥም ፈልጌያለሁ። ከየትኛው ልጀምር? (አዲስ ባለመኪና)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! ግን ከየትኛውም አትጀምር። የሾፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ አንብባት። መኪናው ከነሰዉ፣ ከነጭነቱና ከነነዳጁ ከስንት ኪሎ ማለፍ እንደሌለበት ፋብሪካው እዚያ ላይ ጽፎታል። ቀጥለህ ነዳጅ ሙላና ባዶውን መኪና የጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አውጣው። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ያለህ ሀብት በሙሉ ነው፤ ጓደኞችህም፣ ውሃውም፣ ድንኳኑም፣ ብረቱም የሚካፈሉት እሱኑ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ሰሌዳው 2,950 ይላል፣ ሚዛኑ 2,250 አሳየ እንበል። 700 ኪሎ ቀረህ፤ ሲሰሙት ብዙ ነው። አራት ሰው እያንዳንዱ 75 ኪሎ ቢመዝን 300ው ሄደ። ብረት ባምፐሩ 60፣ ዊንቹ ከነገመዱ 40፣ ፖርቶ መጋላው 30፣ የጣሪያው ድንኳን 60፣ ሁለተኛ ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) 35 ይሁን። 525 ደረስን። 60 ሊትር ውሃ 60 ኪሎ ነው። ናፍጣ በሊትር 840 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከነቆርቆሮው ከ40 ኪሎ ያልፋል። ፍሪጁ ከነያዘው 40፣ የመፍቻ ሳጥኑና ክሪኩ 40። ይኸው 700ውን አለፍን፤ ልብስ፣ ፍራሽና የማብሰያ ዕቃ ገና መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ጠንካራ ሞላ ካስገባሁበት ይችለዋል» የሚልህ ይኖራል። ጠንካራ ሞላ የተቀመጠውን የኋላ ክፍል ቀና ያደርገዋል እንጂ የተፈቀደውን ክብደት በራሱ አይጨምርም። ፍሬኑ ያው ነው፣ አክሰሉ ያው ነው፣ መኪናውን የተሸከመው የብረት አጥንት፣ ሻንሲውም ያው ነው። ባለሙያ አረጋግጦ በሕግ ካልተመዘገበልህ በቀር የሰሌዳው ቁጥር እንዳለ ይቆያል። ከዚያ በላይ የተጫነ መኪና አስፋልት ላይ ምንም አይል ይሆናል፤ ኮረኮንች ላይ ግን ባሌስትራው ይሰበራል፣ የሾክ አብዞርበሩ መያዣ ይሰነጠቃል፣ ባለ ክፍት ጭነት (ፒክአፕ) ከሆነ ደግሞ ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ ሲታጠፍ አይቻለሁ።

ጣሪያው ለብቻው ወሰን አለው። መመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ፈልገው፤ የፖርቶ መጋላው የራሱ ክብደትም እዚያው ውስጥ የሚቆጠር ነው። ወሰኑ መኪናው ሲሄድ የሚሸከመው ነው። ቆሞ ሳለ ሁለት ሰው ድንኳኑ ውስጥ ቢተኛ ሌላ ነገር ነው፤ የቆመ ጣሪያ ብዙ ይችላል። ጄሪካን፣ ስኮርታና የመፍቻ ሳጥን ጣሪያ ላይ የሚደረድሩ ሰዎችን ግን አልረዳቸውም። ከባድ ነገር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መኪናው አግድም ቁልቁለት ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። ከባዱ ወለሉ ላይ፣ በሁለቱ አክሰሎች መካከል ይሁን፤ ጣሪያው ላይ ፍራሽና ድንኳን ይበቃል።

ወደ ጎማው ስንመጣ፣ አሁን ያለህ 265/70 አር 16 ነው እንበል። ቁመቱን ማስላት ቀላል ነው፦ 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ የጎኑ ቁመት የዚያ 70 በመቶ፣ 185.5 ነው፤ ሁለቴ ውሰደውና ጎማው የሚገባበትን ብረት፣ የቸርኬውን 16 ኢንች፣ ማለትም 406 ሚሊ ሜትር ጨምርበት፤ 777 ይመጣል። ብዙ ሰው የሚመኘው 285/75 አር 16 በዚሁ ስሌት 834 ነው። 57 ሚሊ ሜትር ጨመረ ማለት ነው። መኪናህ ከመሬት ከፍ የሚለው ግን በግማሹ፣ በ28 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ለዚህች ለሁለት ጣት ከፍታ የምትከፍለው ምንድን ነው? የፍጥነት ቆጣሪህ 100 ሲል አንተ 107 እየሄድክ ነው። ማርሹ ረዘመ፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ሞተሩ ይደክማል፣ ፍሪሲዮኑም ይጎዳል። ፍሬን ለመያዝ የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። መሪ አጥፈህ ስታዞር ፓራፋንጎውን ሊፍቅ ይችላል። ስኮርታውም የቀድሞ ማስቀመጫው ላይ ላይገባልህ ይችላል። አትግዛው አላልኩም፤ ሒሳቡን አውቀህ ግዛው። እኔ ብሆን ፋብሪካው ካዘዘው ልኬት ሳልወጣ ጎኑ ጠንካራ የሆነውን፣ ለድንጋያማ መንገድ የተሠራውን ጎማ እመርጣለሁ።

ሞላ ማስረዘሙን እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ብዙ መኪና ይታገሰዋል። ከዚያ ካለፈ የትራንስሚሽን ዘንጉ ማዕዘን ይበላሻል፣ ክሮቸራው (የዘንጉ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ቶሎ ያልቃል፣ የፍሬን ቱቦው ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ይወጠራል፣ መሪውም ወደ መሐል መመለስ ይሰንፋል። በ5 ሴንቲ ሜትርም ቢሆን የፊት መብራቱን አስተካክል፤ አለዚያ ከፊትህ የሚመጣውን ሾፌር ታሳውረዋለህ።

ገንዘብህን መጀመሪያ የምታውለው ያረጀ መኪና የሚፈልገው ላይ ነው፦ ቺንጊያ፣ የራዲያተር ቱቦዎች፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ ፍሬን፣ የሞተር፣ የካምቢዮና የዲፈረንሺያል ዘይት። ከዚያ ጥሩ ጎማ፣ የንፋስ መለኪያ፣ ትንሽ ኮምፕረሰር፣ አካፋና መጎተቻ። ይህን ይዘህ አጭር ጉዞ ሂድና ተመለስ። የጎደለህን መንገዱ ይነግርሃል፤ ከዝርዝርህ ግማሹን እንደምትሰርዘው እገምታለሁ።

ጥያቄ፦ ለጥቂት ቀናት በጭቃና በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ስንነዳ ቆይተን ተመለስን። መኪናውን በግፊት በሚረጭ ማሽን ከላይ እስከ ታች፣ ሞተሩንም ጭምር አሳጠብኩት፤ አምሮበት ነበር። በማግስቱ ግን ከ80 ሲያልፍ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ የዳሽቦርድ መብራቶችም እየበሩ ይጠፋሉ። ምን ሆኖ ነው? ወደፊትስ እንዴት ልጠበው? (እህትህ፣ የአሸዋ ወዳጅ)

መልስ፦ እህቴ፣ መሪው የሚንቀጠቀጠው በአብዛኛው በትንሽ ነገር ነው። ጎንበስ በይና ከቸርኬው በውስጥ በኩል እጅሽን ሰደድ አድርጊ። የደረቀ ጭቃ ከአንድ ወገን ተጣብቆ ታገኛለሽ። ጭቃው ሚዛኑን ስለሚያዛባው ጎማው በፍጥነት ሲሽከረከር ይወዛወዛል፤ እሱም መሪው ላይ ይሰማል። ከፊት የሚያጥብ ሰው አያየውም። በእንጨት ፍቀሽ አጽጂውና ሞክሪው። ካልተወው ወደ ጎሚስታ ሄደሽ ባላንስ አስደርጊ።

የመብራቱ ነገር ከማሽኑ የመጣ ይመስለኛል። ያ ውሃ የሽቦ ማገናኛዎች ውስጥ ይገባል። በፀሐይ ኮፈኑን ከፍተሽ አድርቂው፤ ማገናኛዎቹን እየነቀልሽ አየር አስነፊባቸው። አረንጓዴ ዝገት ካየሽባቸው በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ ይጸዳሉ። የግፊት ማሽን ለሰፊ ብረት ጥሩ ነው፤ ዲናሞ፣ የፊውዝ ሳጥን፣ የጎማ ኩሽኔታ መክደኛ፣ ክሮቸራና የመሪ ዘንግ ላስቲክ ላይ በቅርብ ከተረጨ ግን ግሪሱን አስወጥቶ ውሃውን በቦታው ያስቀምጠዋል። የራዲያተሩን ስስ ክንፎችም ያጥፋቸዋል። ሞተር የሚታጠበው ቀዝቅዞ፣ በእርጥብ ጨርቅና በብሩሽ ነው።

አሁን ወደ ሥሩ እንግባ። መኪና የሚበሰብሰው ከሚታየው ቦታ አይደለም። ጭቃ እንደ እርጥብ ጨርቅ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ጨው ከተቀላቀለበት ብረቱን ሌት ተቀን ይበላዋል። የሚደበቅባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፦ ከነዳጅ ታንከሩ በላይ፣ ከሞተሩ ሥር ካለው መከላከያ ቆርቆሮ ላይ፣ ከፓራፋንጎው ጀርባ፣ የስኮርታው ማስቀመጫና፣ ከሁሉም የከፋው፣ የሻንሲው ሆድ ውስጥ። ሻንሲው ክፍት ሣጥን ነው፤ በቀዳዳዎቹ አሸዋ ይገባል፣ በታች ያሉት ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ከተደፈኑ ግን አይወጣም። ወፈር ያለ ሽቦ ይዘሽ እያንዳንዱን ቀዳዳ ውጊ። ከዚያ ተራ የውሃ ጎማ በአንዱ ጫፍ አስገቢና በሌላው ጫፍ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ልቀቂው። ይህ ግፊት ሳይሆን ብዙ ውሃና ብዙ ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው። አትክልት የሚያጠጣውን ዘርዛሪ ከመኪናው ሥር አስቀምጦ ለአንድ ሰዓት መተው ለደረቀ ጭቃ ፍቱን ነው፤ አንቺ ሌላ ሥራሽን እየሠራሽ እሱ ይለሰልሳል።

የባሕር ጨው ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይታጠብ። ላዩን ከመፈተግሽ በፊት አሸዋውን ውሃ ብቻ አፍስሺበትና ይውረድ፤ በአሸዋ ላይ ስፖንጅ ማሸት ቀለሙን መፋቅ ነው። ብረት ብሎን በአልሙኒየም ላይ የታሰረባቸውን ቦታዎች ለይተሽ እዪ፤ ሁለቱ ብረቶች ጨዋማ ውሃ ሲያገናኛቸው አልሙኒየሙ ይበላል። የድሮ ላንድ ሮቨር ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ አካሉ አልሙኒየም፣ ሻንሲው ብረት ነውና።

የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ዙሪያ በተለይ አደራ። በሣር ሜዳ ከተነዳ በኋላ ደረቅ ሣር በማርሚታውና በመከላከያ ቆርቆሮው መካከል ይጠቀጠቃል፤ የጭስ ማጣሪያ ያላቸው አዳዲስ መኪኖች እዚያ አካባቢ እጅግ ስለሚግሉ ሣሩ ይቀጣጠላል። በዚህ የተነሣ ሙሉ በሙሉ የተቃጠሉ መኪኖች አሉ። ይህን ለማየት እጥበት ቀን አትጠብቂ፤ በጉዞው መሐል ስትቆሙ ሞተሩ በረድ ሲል እዪው።

ታጥቦ ሲያልቅ ክሮቸራው ላይ በግሪስ ፓምፕ አሮጌው ግሪስ እስኪወጣ አዲሱን ሙዪበት። ዝግ ብለሽ እየነዳሽ ፍሬኑን ደጋግመሽ ያዢና አድርቂው፤ እርጥብ እንዳለ የእጅ ፍሬን ስበሽ አትተዪው፣ ይጣበቃል። ሥሩ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ የሻንሲውን ሆድ በዝገት መከላከያ ሰም አስረጪ፤ ፍሬኑና ማርሚታው ላይ ግን እንዳይደርስ።

አቧራን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር፣ አልጠየቅሽኝም እንጂ። የኋላ መስኮት ከፍቶ በአቧራ መንገድ መንዳት አቧራውን ወደ ውስጥ መጥራት ነው፤ ከሚሄድ መኪና ጀርባ ያለው አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። መስኮቶቹን ሁሉ ዘግተሽ የንፋስ ማራገቢያውን ከውጭ አየር በሚያስገባው በኩል ክፈቺ። ውስጡ ያለው አየር ግፊቱ ስለሚጨምር አቧራው በበር ስንጥቅ አይገባም። የሞተሩን አየር ማጣሪያ ስታጸጂ ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ ይነፋ፤ በኃይለኛ አየር የተቀደደ ማጣሪያ ሞተር ይገድላል።

ጥያቄ፦ ስኖርክል አስገጠምኩ። አሁን ምን ያህል ጥልቅ ውሃ መግባት እችላለሁ? (ወንዝ ተሻጋሪው)

መልስ፦ ከትናንቱ ብዙም የበለጠ አይደለም። ስኖርክል ሞተሩ የሚተነፍሰውን አየር ከፍ ካለ ቦታ ያመጣል፤ መገጣጠሚያዎቹ በትክክል ከታሸጉ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ እንዳይገባ ይረዳል። ውሃ ስለማይጨመቅ፣ ከገባ ፒስተኑን የሚያገናኘው ዘንግ ይታጠፋል፤ ያ ደግሞ ሞተር ማውረድ ነው። መኪናው ሌላም አፍ አለው ግን። ዲፈረንሺያሉና ካምቢዮው ትንፋሽ የሚወጣበት ትንሽ ቱቦ አላቸው። መንገድ ላይ የጋለ ዲፈረንሺያል በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ በዚያ ወይም በዘይት ማገጃው ላስቲክ በኩል ይስባል። ከስኖርክሉ በፊት እነዚያን ቱቦዎች ወደ ኮፈኑ ከፍታ አስረዝማቸው፤ ዋጋው ከስኖርክሉ ጋር አይወዳደርም።

ጥልቀቱን የሚወስነው ፋብሪካው ነው። በ2020 ወደ ገበያ የወጣው አዲሱ ላንድ ሮቨር ዲፌንደር በአየር ሞላ የሚሠራው እስከ 900 ሚሊ ሜትር ተፈቅዶለታል፤ የአንተን መመሪያ ተመልከት። እግርህ መራመድ ያልቻለበት ውሃ ውስጥ መኪናህም አይግባ፤ ደራሽ ከሆነ ደግሞ እግርህንም አታስገባ። ስትሻገር በሪዶታ (በፎር ዊሉ ከባድ ማርሽ)፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳትቆምና ማርሽ ሳትቀይር ሂድ። ስትጨርስ የዲፈረንሺያሉን ዘይት ጠብታ አውጥተህ እይ፤ ወተት መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቶታልና ያን ዕለት ይቀየር።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ በአሸዋ የተያዘ መኪና ለማውጣት የሚለጠጠውን ገመድ ተሳቢ የሚያያዝበት ኳስ ላይ ማሰር ይቻላል ይላል። እኔ ፈራሁ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ አንተ። በፍጹም አይታሰርም! ያ ኳስ የተሠራው ተሳቢ ቀስ ብሎ ለመጎተት እንጂ የሚለጠጥ ገመድ በድንገት ሲመነጭቀው ለመቋቋም አይደለም። የናይለኑ ገመድ ከርዝመቱ 20 እስከ 30 በመቶ ይለጠጣል፤ ያጠራቀመው ኃይል ኳሱን ነቅሎ በመስታወት ውስጥ ያሳልፈዋል። ሰው ሞቶበታል። ሁለት ገመድ በብረት ቀለበት መቀጠልም ያው ነው። ከሻንሲው ጋር በብሎን የታሰረ፣ የሚችለው ኃይል የተጻፈበት መጎተቻ ብቻ ተጠቀሙ። የሚያይ ሰው ከገመዱ ርዝመት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ።

ደግሞስ ለምን ወደ ገመድ ትሮጣላችሁ? አሸዋ ከሆነ የጎማውን ንፋስ ከ35 ወደ 18 ፒኤስአይ ገደማ አውርዱት። ጎማው ይረዝምና መሬቱን በሰፊው ይይዛል። ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ያለውን አሸዋ በአካፋ ጥረጉ፣ ከዲፈረንሺያሉ ሥርም እንዲሁ፣ ከዚያ በመጣበት ዱካ ወደ ኋላ ሞክሩት። አብዛኛውን ጊዜ ይወጣል። ከ12 በታች ግን ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ንፋሱ ሳይመለስ በፍጥነት መንዳት የጎማውን ጎን ያቃጥላል፤ ለመጀመሪያው ጠያቂ ኮምፕረሰር ያዝ ያልኩት ንፋሱን ለመመለስ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪጅ ካስገባሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሞተር አልነሳ ይለኛል። አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ እሱም ያው ሆነ። (ዕድሜዬ የገፋ አንባቢ)

መልስ፦ ጌታዬ፣ ባትሪው ጥፋት የለበትም። ባለ ኮምፕረሰር ፍሪጅ እንደ ሙቀቱ ቢለያይም በአማካይ 2 አምፔር ይበላል እንበል፤ ከምሽት እስከ ጠዋት ባሉት 14 ሰዓታት ወደ 28 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ሞተር የሚያስነሳ ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ከሰጠዎት ደክሟል። በመለኪያ ቢያዩት፣ አርፎ የቆየ ሙሉ ባትሪ 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ሲደርስ ግማሽ ነው። ለፍሪጁ ለብቻው፣ ደጋግሞ መውረድን የሚችል ሁለተኛ ባትሪ ያስገቡ፤ ሞተሩ ሲጠፋ ሁለቱን የሚለያይ መሣሪያም በመካከላቸው ይሁን። መኪናዎ አዲስ ከሆነና ዲናሞው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ከሆነ ተራው መለያያ አይበቃውም፤ ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር ይፈልጋል። ሽቦው ወፍራም ይሁን። ፊውዙ ደግሞ ፍሪጁ ዘንድ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ ይቀመጥ፤ ሽቦው መሐል ላይ ተፍቆ ሻንሲ ቢነካ እሳት የሚያስቀረው እሱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የመኪናችን ጣሪያ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ የመብራት ዘንግ አስገጥሟል። ሌሊት ሲበራ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ዓይኔ ይታመማል፣ እሱ ግን «ቀን አደረግኩልሽ» ይላል። ይፍረዱን። (የቀኝ ወንበር ተቀማጭ)

መልስ፦ ፍርዱ ለእርስዎ ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ብርሃን መጀመሪያ የሚመታው ኮፈኑን ነው፤ ከዚያ ተመልሶ ዓይናችሁ ላይ። ቅርቡ ሲያበራ ዓይን ብሌኑን ያጠብባል፣ ሩቁ ይጨልማል። አቧራ ወይም ጭጋግ ካለ ደግሞ ከፊታችሁ ነጭ ግድግዳ ይቆማል። በብዙ አገር ይህ መብራት በሕዝብ መንገድ ላይ ማብራት ሕገወጥ ነው፤ በአንዳንዱም ካልተሸፈነ ያስቀጣል። ሁለት ክብ መብራት ባምፐሩ ላይ ይግጠም፣ አቧራ ለሚበዛበት ቢጫ ሽፋን ያድርግበት። ሌሊት ካልተቸገራችሁ በቀር ባትነዱ ደግሞ የተሻለ ነው። ዘንጉን ሲያወርደው የሽቦው ማለፊያ ተብሎ ጣሪያው ላይ የተበሳውን ቀዳዳ በዝገት መከላከያ ቀለም ቀብቶ በሲሊከን ይድፈነው፤ አለዚያ በዝናብ ጊዜ የሚንጠባጠበው እርስዎ ወንበር ላይ ነው።